ከቤት መሥራትና የታክስ ተቀናሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው መብራቱም፣ ኢንተርኔቱም፣ የክፍሉ ማሞቂያም ከራሱ ኪስ ነው። ታክስ የማሠሪያው ወቅት ሲደርስ ታዲያ «ይህን ወጪ ማስቀነስ እችላለሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛ፣ ታክስ የሚከፍሉት ለየትኛው አገር ነው? ሁለተኛ፣ ተቀጣሪ ነዎት ወይስ በግልዎ ነው የሚሠሩት? እዚህ የአሜሪካን፣ የብሪታንያን፣ የካናዳን፣ የአውስትራሊያንና የጀርመንን ሕግ እያነሳን እንሄዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተቀናሽ ማለት ያወጣሁት ገንዘብ ይመለስልኛል ማለት ነው?

አይደለም። ተቀናሽ የሚያደርገው ታክስ የሚሰላበትን ገቢ ዝቅ ማድረግ ነው። 1,000 ዶላር ወጪ አስቀነሱ እንበል። ከገቢዎ የመጨረሻው ክፍል ላይ የሚከፍሉት ታክስ 22 በመቶ ከሆነ የሚተርፍልዎ 220 ዶላር ነው። የቀረው 780 ዶላር ከኪስዎ ወጥቶ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ «ለታክስ ይጠቅመኛል» ብለው የማይፈልጉትን ዕቃ አይግዙ። ለሥራው የሚያስፈልግ ከሆነ ይግዙት፤ ተቀናሹ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

የታክስ ክሬዲት የሚባለው ሌላ ነው። እሱ ከታክሱ ላይ በቀጥታ ይቀነሳል። ከቤት የመሥራት ወጪ ግን በእነዚህ አገሮች ሁሉ የሚስተናገደው በተቀናሽ መልክ ነው።

ተቀጣሪ ነኝ፤ ደመወዝተኛ። እኔስ ይመለከተኛል?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወዳጅዎ «እኔ አስቀንሻለሁ» ቢልዎ መጀመሪያ የት አገር እንደሚኖርና ተቀጣሪ መሆኑን ይጠይቁት።

አሜሪካ ውስጥ ተቀጣሪ ከሆኑ፣ ማለትም በዓመቱ መጨረሻ ደብልዩ-2 የሚባለው የደመወዝ ማስረጃ ቅጽ የሚሰጥዎ ከሆነ፣ በፌዴራል ታክስ ላይ የቤት ቢሮ ማስቀነስ አይችሉም። እስከ 2017 ድረስ በተወሰነ መልኩ ይቻል ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የታክስ ሕግ ከ2018 ጀምሮ አገደው። ብዙዎች እገዳው በ2025 መጨረሻ ያበቃል ብለው ሲጠብቁ፣ በሐምሌ 2025 የተፈረመው አዲሱ ሕግ ቋሚ አደረገው። እንደ ተጠባባቂ ወታደርና አንዳንድ የመድረክ ባለሙያዎች ላሉ ጥቂት ሠራተኞች የተለየ ድንጋጌ አለ፤ ከእነሱ ውጭ ግን በሩ ተዘግቷል። ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ሳይረግጡ ቢሠሩም ለውጥ የለውም። ይሁን እንጂ የክፍለ ግዛት ታክስ ራሱን የቻለ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክና ፔንሲልቫኒያ የተቀጣሪን ወጪ በራሳቸው ደንብ የሚያዩበት መንገድ አላቸው። እዚያ ከሆኑ ታክስ ሠሪዎን ይጠይቁ።

ብሪታንያ ውስጥ በሳምንት 6 ፓውንድ ያለ ደረሰኝ ማስቀነስ ይቻል ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነው። የ20 በመቶ ታክስ ከፋይ ከሆኑ በዓመት 62 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ይተርፍዎታል። በወረርሽኙ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ከቤት እንዲሠራ የታዘዘ ሰው የዓመቱን ሙሉ መጠየቅ ይችል ነበር፤ በኋላ ግን ጠበቀ። ከቤት መሥራት የእርስዎ ምርጫ ከሆነ አይፈቀድም ተባለ። ይባስ ብሎ በ2025 መገባደጃ የቀረበው በጀት ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ ለተቀጣሪዎች ተቀናሹ እንዲቀር ወሰነ።

ካናዳ ፈቃዱን ከአሠሪው ፊርማ ጋር አስራዋለች። አሠሪዎ ቲ 2200 የሚባለውን ቅጽ ፈርሞ ካልሰጠዎ መጠየቅ አይችሉም። ቢያንስ ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ከሥራ ጊዜዎ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከቤት መሥራትም አለብዎት። በቀን 2 ዶላር የሚታሰብበት ቀላል ስሌት ለ2020፣ ለ2021 እና ለ2022 ብቻ የተፈቀደ ነበር። አሁንም ያለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የለም።

አውስትራሊያ ለተቀጣሪ ደግ ናት። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ከቤት ለሠሩት ለእያንዳንዱ ሰዓት 70 ሳንቲም ይታሰባል። በዓመት 600 ሰዓት ከሠሩ 420 ዶላር ማስቀነስ ይችላሉ። መብራት፣ ጋዝ፣ ስልክ፣ ኢንተርኔትና የጽሕፈት ዕቃ በዚህ ውስጥ ተጠቃለዋል። የስልክ ሒሳቡን ለብቻው ደግመው ማስገባት አይቻልም።

ጀርመን ከቤት ለተሠራበት ለእያንዳንዱ ቀን 6 ዩሮ ትሰጣለች፤ ጣሪያው 210 ቀን ወይም 1,260 ዩሮ ነው። የተለየ ክፍል እንዲኖርዎ አይጠየቅም። ሳሎን ጥግ ቢሠሩም ይቆጠራል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። እያንዳንዱ ተቀጣሪ ምንም ሳይጠይቅ 1,230 ዩሮ በጥቅል ይቀነስለታል። ከቤት የሠሩባቸው ቀኖች 600 ዩሮ ቢሆኑና ሌላ ወጪ ባይኖርዎ፣ ከዚያ ጥቅል በታች ስለሆኑ አንድ ሳንቲም አይጨምሩልዎም። የትራንስፖርት፣ የሥልጠናና ሌላ የሥራ ወጪ ተደምሮ 1,230ን ካለፈ ብቻ ነው ጥቅም የሚገኘው። ይህን ሳያውቁ ቀን ሲቆጥሩ የሚከርሙ አሉ።

ታዲያ ተቀጣሪ ሆኜ ካልተፈቀደልኝ ምን ላድርግ?

አሠሪዎን ይጠይቁ። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው። ተቀናሽ በሚፈቀድበት አገር ቢኖሩም እንኳ መጀመሪያ መሄድ ያለብዎ ወደ አሠሪዎ ነው።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። 1,000 ዶላር ወጪዎን አሠሪው ከተካልዎ 1,000 ዶላር አገኙ። በተቀናሽ ከሄዱ 220። አሠሪውም በአብዛኛው ለእርስዎ የከፈለውን እንደ ድርጅቱ ወጪ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ለእሱም ያን ያህል ከባድ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ድርጅቱ ደረሰኝ እየተቀበለ፣ የሥራ ወጪ መሆኑን እያረጋገጠ፣ ትርፍ ከተከፈለም እያስመለሰ የሚተካ ከሆነ ገንዘቡ ደመወዝ አይባልም። ታክስም አይነካውም። በዝምታ ደመወዝ ላይ ከተደመረ ግን ታክስ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ሲጠይቁ «ደመወዜ ላይ ጨምሩልኝ» ከማለት «የኢንተርኔት ሒሳቤን በደረሰኝ ተኩልኝ» ማለት ይሻላል። ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ ለሥራ የግድ የወጣን ወጪ መተካት የአሠሪው ሕጋዊ ግዴታ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ልመና ሳይሆን መብቱን ነው የሚጠይቀው። ብሪታንያም ተቀናሹን ብታስቀርም፣ አሠሪው የሚተካውን ከታክስ ነፃ አድርጋ ትታዋለች።

አሠሪ የተካውን ወጪ መልሶ ማስቀነስ ግን በየትኛውም አገር አይፈቀድም።

በግሌ ነው የምሠራው። አሜሪካ ውስጥ ምን ይጠበቅብኛል?

ሁለት ነገር። ቦታውን ለሥራ ብቻ መጠቀም፤ እሱም በየጊዜው ሳይቋረጥ። ከዚያ ቦታው የሥራዎ ዋና ማዕከል መሆን ወይም ደንበኞችዎን በአካል የሚቀበሉበት መሆን አለበት። ተቀናሹ ስኬጁል ሲ በሚባለው የግል ሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የገቢ ታክሱን ብቻ ሳይሆን በግሉ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) የሚከፍለውን 15.3 በመቶም ይቀንሳል። ለግል ሠራተኛ ጥቅሙ ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ገደብም አለው። የቤት ቢሮ ተቀናሽ ሥራውን ወደ ኪሳራ ሊያወርደው አይችልም። በዝርዝር ስሌት ከሄዱ የተረፈው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። በቀላሉ ስሌት ከሄዱ ግን አይተላለፍም። ሁለቱን ስሌቶች ከታች እናያቸዋለን።

የምሠራው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይቆጠራል?

በአሜሪካ አይቆጠርም። ቀን ሥራ የሚሠራበት፣ ማታ ቤተሰቡ የሚበላበት ጠረጴዛ «ለሥራ ብቻ» አይባልም። ልጆች የሚያጠኑበት፣ እንግዳ የሚያድርበት ክፍልም እንዲሁ።

ግን ሙሉ ክፍል ሊኖርዎ ግድ አይደለም። ግድግዳም መጋረጃም አይጠየቅም። የመኝታ ቤት አንድ ጥግ፣ ጠረጴዛው ተቀምጦ ለሥራ ብቻ ከዋለ ይበቃል። የሚለካው ያ ጥግ ነው።

ከ«ለሥራ ብቻ» ሕግ ውጭ የሆኑ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንዱ የሚሸጥ ዕቃ ማከማቻ ነው፤ ሌላ የሽያጭ ቦታ ከሌለዎ። ሌላው ቤት ውስጥ የሕፃናት መዋያ ለሚያካሂዱ ነው። ፈቃድ ያላት ሞግዚት ቀን ልጆች የሚውሉበትን ሳሎን ማታ ቤተሰቧ ቢቀመጥበትም፣ በሰዓት እያካፈለች ማስቀነስ ትችላለች። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ እናቶች ይህን መብት ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ፤ በጣም ያሳዝናል።

ብሪታንያ ደግሞ ተቃራኒ ናት። በግልዎ የሚሠሩ ከሆነ ክፍሉን ከፊል ጊዜ ለሥራ፣ ከፊል ጊዜ ለቤት ቢጠቀሙበትም በሰዓትና በስፋት አካፍለው ማስቀነስ ይችላሉ። እንዲያውም የራስዎ ቤት ከሆነ ክፍሉን ለሥራ ብቻ ማዋል ቤቱ ሲሸጥ ታክስ ሊያመጣብዎ ይችላል። አሜሪካ የሚጠይቀውን ብሪታንያ ውስጥ ያሉ ብዙ የሒሳብ ሰዎች አታድርጉት ይላሉ። ከሌላ አገር ወዳጅ ምክር መቀበል አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሥራዬ ውጭ ነው። ቤት የምሠራው ሒሳቡንና ወረቀቱን ብቻ ነው።

ታክሲ የሚነዳ፣ ቤት የሚያጸዳ፣ ቧንቧ የሚጠግን ሰው «እኔ የቤት ቢሮ የለኝም» ብሎ ያልፈዋል። ላይሆን ይችላል።

በ1993 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የማደንዘዣ ሐኪም ያቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ሐኪሙ ሕክምናውን የሚሰጠው ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ቤቱ የሚሠራው መዝገቡንና ሒሳቡን ነው። ፍርድ ቤቱ ዋናው ሥራ የሚሠራው ሆስፒታል ነው አለ። ኮንግረሱ ግን በ1997 ሕጉን አሻሻለ፤ ማሻሻያው ከ1999 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አሁን የሥራዎን አስተዳደር፣ ማለትም ክፍያ መጠየቅ፣ መዝገብ መያዝ፣ ቀጠሮ ማስያዝ የመሳሰለውን ቤት ውስጥ የሚሠሩ ከሆነና ይህን በብዛት የሚሠሩበት ሌላ ቋሚ ቦታ ከሌለዎ፣ ያ ጥግ የሥራዎ ዋና ማዕከል ሊባል ይችላል። ለሥራ ብቻ የመዋሉ ግዴታ ግን እንዳለ ነው።

ቀላሉ ስሌት ይሻለኛል ወይስ ዝርዝሩ?

በአሜሪካ ቀላሉ ስሌት ለአንድ ስኩዌር ፊት 5 ዶላር ነው። እስከ 300 ስኩዌር ፊት ስለሚቆጠር ጣሪያው 1,500 ዶላር ነው። ዝርዝሩ ግን በፎርም 8829 እያንዳንዱን ወጪ ይዞ ድርሻውን ያወጣል።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቤቱ 1,600 ስኩዌር ፊት፣ የሥራው ክፍል 200 ነው። ድርሻው 12.5 በመቶ ይሆናል። በዓመት ለኪራይ፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለኢንሹራንስ 24,000 ዶላር ካወጡ፣ በዝርዝሩ 3,000 ዶላር ማስቀነስ ይችላሉ። በቀላሉ 1,000 ብቻ። ኪራይ በናረበት ከተማ የሚኖር ሰው ቀላሉን መርጦ ገንዘቡን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ዘዴውን በየዓመቱ መቀያየር ስለሚቻል ሁለቱንም አስልቶ መምረጥ ነው።

ብሪታንያ ውስጥ በግል ለሚሠራ ሰው ቀላሉ ስሌት በወር የሚታይ ነው። ከ25 እስከ 50 ሰዓት 10 ፓውንድ፣ እስከ 100 ሰዓት 18 ፓውንድ፣ ከዚያ በላይ 26 ፓውንድ። ስልክና ኢንተርኔት በዚህ ውስጥ ስለሌሉ ለብቻቸው ይያዛሉ።

ምን ምን ወጪ ይገባል?

መብራት፣ ማሞቂያ፣ ኢንተርኔት በየአገሩ በብዛት የሚገቡ ናቸው፤ በድርሻቸው ብቻ። የሥራውን ክፍል ብቻ ካስቀቡ የቀለሙ ወጪ ሙሉ በሙሉ የሥራ ነው። ጣሪያው ተጠግኖ ከሆነ ድርሻው ብቻ። ሌላ ክፍል ካስቀቡ ምንም።

ኪራይና የቤት ብድር ወለድ ላይ አገሮች ይለያያሉ። አሜሪካ በግሉ ለሚሠራ ሰው ሁለቱንም ትፈቅዳለች። ካናዳ ለተቀጣሪ ኪራይን ፈቅዳ የብድር ወለድን ትከለክላለች። አውስትራሊያ ለአብዛኛው ተቀጣሪ ሁለቱንም አትፈቅድም። የብድሩ ዋና ገንዘብ ግን የትም አይቀነስም።

ቡና፣ ሻይ፣ ምሳ አይገባም። ቢሮ የሚጠጡት የነበረው ነፃ ቡና ቢቀር እንኳ ቤት የሚጠጡት የግል ወጪ ነው።

ጠረጴዛ፣ ወንበርና ኮምፒውተርስ?

አሜሪካ ውስጥ በግል ለሚሠራ ሰው የቤት ቢሮ ፈተናውን ባያልፍም ዕቃው ለብቻው ሊቀነስ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የምግብ ጠረጴዛ ላይ ቢሠሩም ለሥራ የገዙት ላፕቶፕ የሥራ ዕቃ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ተቀጣሪ እስከ 300 ዶላር የሚያወጣን ዕቃ በገዛበት ዓመት ያስቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በዕቃው ዕድሜ እየተከፋፈለ ይሄዳል። ጀርመን ከ2021 ወዲህ ኮምፒውተርን በአንድ ዓመት ማስቀነስ ፈቅዳለች። ካናዳ ግን ለተቀጣሪ ወንበርም ሆነ ኮምፒውተር አትፈቅድም፤ ስለዚህ እነሱን አሠሪው እንዲገዛ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

ግማሹ ለሥራ፣ ግማሹ ለልጆች ጨዋታ ከሆነ ግማሹን ብቻ ያስገቡ።

ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሁለት ቀን ቤት ብሠራስ?

በሰዓት ወይም በቀን የሚሰላበት አገር ከሆነ የቤቱ ቀኖች ብቻ ይቆጠራሉ። ጀርመን ውስጥ ቢሮዎ ጠረጴዛ ካለዎ በአንድ ቀን የመንገዱንም የቤቱንም መጠየቅ አይችሉም። በካናዳ ሁለት ቀን ብቻ ከቤት መሥራት ከግማሽ በላይ የሚለውን መስፈርት አያሟላም።

አሜሪካ ውስጥ ተቀጣሪም ሆነው ጎን ለጎን የራስዎ ሥራ ካለዎ፣ ማስቀነስ የሚችሉት ለራስዎ ሥራ ያዋሉትን ቦታ ነው። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ መሥራት «ለሥራው ብቻ» የሚለውን ሊያፈርስ ስለሚችል ቦታውን ይለዩት።

ቤቴን ስሸጥ ችግር ያመጣብኛል?

ሊያመጣ ይችላል፤ አስቀድሞ ቢታሰብበት ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ የራስዎ ቤት ከሆነና በዝርዝሩ ስሌት ከሄዱ፣ ከወጪዎቹ አንዱ የቤቱ የእርጅና ቅናሽ ነው፤ ቤቱ በየዓመቱ ያረጃል ተብሎ የሚቀነስ ገንዘብ ማለት ነው። ቤቱ በትርፍ ሲሸጥ ያ የእርጅና ቅናሽ እስከ 25 በመቶ ታክስ ይከፈልበታል። በዝርዝሩ እየሄዱ የእርጅናውን መስመር ብቻ ባዶ መተው አያድንም፤ መቀነስ ይገባዎ የነበረው እንደተቀነሰ ይቆጠራል። በቀላሉ ስሌት በሄዱባቸው ዓመታት ግን እርጅናው ዜሮ ነው። ቀላሉ ስሌት ለቤት ባለቤት ያለው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

አውስትራሊያ ውስጥም ቤቱ የንግድ ቦታ ሆኖ የብድር ወለድ ከተቀነሰበት፣ ሲሸጥ ያለው የመኖሪያ ቤት ነፃነት በከፊል ይቀራል። በ70 ሳንቲሙ ስሌት የሚሄድ ተቀጣሪ ግን ስለዚህ አያስብ።

ምን ማስረጃ ልያዝ?

የሠሩበትን ሰዓት ወይም ቀን በየዕለቱ ይጻፉ። ስልክ ላይ፣ ደብተር ላይ፣ የትም ይሁን። አውስትራሊያ ዓመቱን ሙሉ የተያዘ የሰዓት መዝገብ ትፈልጋለች፤ በግምት «በሳምንት 10 ሰዓት ያህል» ማለት አይበቃም።

ሒሳቦችንና ደረሰኞችን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። የደረሰኝ ቀለም በወራት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የሥራውን ቦታ ለክተው ስፋቱን ይጻፉ፣ ፎቶም ያንሱት። ስንት ዓመት? አሜሪካ በአብዛኛው ሦስት፣ አውስትራሊያ አምስት፣ ካናዳ ስድስት ዓመት። የራስዎ ቤት ላይ እርጅና ካስቀነሱ ግን ቤቱ እስኪሸጥና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ወረቀቱን ይያዙት።

«የቤት ቢሮ ኦዲት ያስጠራል» ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው የሚገባውን እንዲተው አድርጎታል። ሕጉ የፈቀደውን በማስረጃ መጠየቅ ጥፋት አይደለም። ጥያቄ የሚያስነሳው ከገቢው ጋር የማይመጣጠን፣ ክብ ክብ ቁጥር የበዛበት፣ የቤቱን ግማሽ ቢሮ ያደረገ ማመልከቻ ነው። ታክስ ሠሪው «ችግር የለም፣ እኔ አስገባልሃለሁ» ቢልም የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። ያልገባዎትን ቁጥር አይፈርሙበት። የእያንዳንዱን ቁጥር መነሻ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ካላሳየ ሌላ ይፈልጉ።

ያለፉትን ዓመታት ሳልጠይቅ ቀረሁ። አልፎኛል?

ላያልፍዎት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ታክሱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በአብዛኛው ሦስት ዓመት አለዎት፤ ማስተካከያው በፎርም 1040-ኤክስ ይገባል። ብሪታንያ አራት የታክስ ዓመት ወደኋላ ትፈቅዳለች። ስለዚህ ተቀናሹ ከመቅረቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ከቤት እንዲሠሩ የተገደዱና መስፈርቱን የሚያሟሉ ሰዎች ጊዜው ሳያልፍ መጠየቅ ይችላሉ፤ ማስረጃ ግን ይጠየቃሉ። ጀርመን ውስጥም የማስገባት ግዴታ የሌለበት ተቀጣሪ እስከ አራት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ማስገባት ይችላል። ካናዳ እስከ አስር ዓመት ድረስ ማስተካከል ትፈቅዳለች፤ ለዚያ ግን በአብዛኛው የዚያን ጊዜው አሠሪ የፈረመው ቅጽ ያስፈልጋል። ከድርጅቱ ከለቀቁ ቶሎ ደውለው ይጠይቁ።